ገፊ አያስፈልግም

ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁ አይሱዙ፣
ሞተሪኖው ሙት ነው፣ ብዙ ነው መዘዙ፤
ካጠፉት አይነሣም ቁልቁለት ካልያዘ፣
ወይ ከበስተኋላ ገፊ ካልታዘዘ።
ደጀን ለፍተሻ፣ ቡሬ ለጭነት፣
አላጠፋም ነበር ላንዲትም ቅጽበት፤
ምሳ ስበላ እንኳ፣ ልቅሶ ቤት ስመጣ፣
ደጅ ይንደቀደቃል ናፍጣ እየጠጣ።
ያጠፋሁት ለታ ሙሉሰው ይወርዳል፤
ይገፋል፣ ይገፋል፣ መኪናው ይከብዳል።

ዘንድሮ የዝና፣ ልጄ፣ ተበድራ፣
አዲስ ባትሆን እንኳ እንደ አዲስ የምትበራ
መኪና ገዝታ መጣች። «ንዳት» አለች፣ ነዳሁ፤
ከፍኖተ ሰላም ወደ ማርቆስ ወጣሁ።
አደባባዩ ዘንድ ትራፊክ እጁን ቢያነሣ
ፍሬን ያዝሁ፤ መኪናዋ ጭጭ፤ ቀረች እንደ ሬሳ።
ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ። ልቤ ክፉ አሰበ።
«ሞተሪኖ ነው!» አልሁ፣ ላቤ ተንጠበጠበ።
ቀበቶዬን ፈታሁ፣ በሩን በረገድሁ፤
«ጎረምሶች፣ ግፉኝ!» ብዬ መንገድ ወረድሁ።
ሦስት ሊስትሮ መጡ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፤
እጃቸውን ጫኑ ከኋላዋ በር።

የዝና በሣቅ ልትሞት፦ «አባዬ፣ ተመለስ!
አልሞተችም እኮ፤ ቁጭ በል፣ አትተራመስ።
ፍሬን ይዘህ ስትቆም፣ ለቤንዚኗ ሳስታ
ራሷ ትጠፋለች፤ ታርፋለች ላንድ አፍታ።
እግርህን ስታነሣ ራሷ ትነቃለች፤
አሁን ግን ቀበቶ ፈትተህ ስትወርድ አየች፣
ባለቤት የሌላት መስሏት አኩርፋለች።
ግባና ፍሬን ይዘህ ቁልፉን ተጫንና...»
ገፊዎቹ ደግሞ «ክፈሉን» አሉና
ሃምሳ ሃምሳ ብር ሰጠሁ፣ ሳይገፉኝ ገና።

ከዚያ ወዲህ ጠባይዋን ቀስ እያልሁ አጠናሁ።
ጠዋት በኮሶበር ብርዱ ሲቆነጥጣት
ሞተሯ ሳይሞቅ እንቅልፍም አይወስዳት።
ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ ትሰጋለች፤
«ብተኛ ባልነሣስ» ብላ ትተጋለች።
ማደያ ሰልፍ ላይ፣ ቦቴ መጣ ሲሉ፣
አንድ ጎማ ሄዶ ሲቆም መኪና ሁሉ፣
ትጠፋ፣ ትነሣ፣ ትጠፋ፣ ትነሣ፤
እሷ ባይሰለቻት እኔ ልቤ ሳሳ።
ቀስት የከበባት ትንሽ ቁልፍ አለች፤
ስጫናት መብራት በርታ ያን ጠባይ ተወች።
ነገ ሳስነሣት ግን ደግሞ ታስታውሳለች።

አንድ ነገር ብቻ፣ ለልጄ ያልነገርሁ።
ያ ዝምታ ሲመጣ፣ ሦስት አራት ሰከንድ፣
አንድ ድምፅ እሰማለሁ ከኋላዬ መንገድ፦
የሙሉሰው ትንፋሽ፣ ጫማው ጭቃ ሲስብ።
ሞተሪኖ ማስጠገን ስንት ነበር? ላስብ...
የአንድ ጤፍ ጭነት ኪራይ። ከዚያም አይበልጥ።
«ለፋሲካ» እያልሁ፣ «ለመስቀል» እያልሁ፣
የአንድ ብረት ዋጋ በሱ ጀርባ ከፈልሁ።

ባለፈው እሑድ አማኑኤል ሄድሁ።
ዱላ ይዞ ወጣ። ወገቡን አላየሁም ብዬ አልዋሽም።
ከጎኔ አስቀመጥሁት፤ ቀበቶ አሰርሁለት፤
ስለ ኑሮ አወራን፣ ስለ ማዳበሪያ ውድነት።
የገበያ አህዮች መንገድ ሲያቋርጡ
ፍሬን ያዝሁ። ጭጭ።

እጁ ሳያማክረው በሩን ፈለገች፤
ያቺ የጎበጠች ጣት መክፈቻው ላይ ዋለች።
«ልውረድ?» አለኝ፣ እንደ ድሮው፣ ዱላው እግሩ ሥር።
መልስ ነበረኝ። ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
«ቁጭ በል» ብቻ አልሁት።

አህዮቹ አለፉ፤ እግሬን ከፍሬን አነሣሁ።
ተነሣች።
ሙሉሰው አንገቱን በቀስታ አዞረና
በኋላው መስታወት
ማን እንደገፋን አየ።